ጨርቅ በውስጥ በኩል ነው የሚቆረጠው

ልብስ ሰፊዋ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም በማይቀረው የልጆች ወንበር ላይ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ተቀምጣለች። የገባችው አንዲት ቃል ላትተነፍስ ተስማምታ ነው። ዝም ከማለት ግን ሃያ ሱሪ ብትሰፋ ይቀላት ነበር።

ከሥነ ልቦና ባለሙያዋ ፊት ለፊት የተቀመጠችው የሰባት ዓመት ልጇ ናት። ቁመቷን አይተው ሁሉም ሚጢጢ ይሏታል። ዛሬ ፈተናውን ካላለፈች ከሁለተኛ ክፍል ወጥታ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወዳለው የልዩ ድጋፍ ክፍል ትዛወራለች፤ እዚያ ከገቡት ልጆች መካከል ደግሞ ሲመለስ የታየ የለም። አስተማሪዋ ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ሚጢጢ ስትጠየቅ ስለማትመልስ፣ አንዳንዴ ስትመልስም ክፍሉ በሳቅ ስለሚሞላ፣ እስቲ አእምሮዋ ይታይ ብላ ላከቻት።

እናትየውን እንቅልፍ የነሳት ግን ሌላ ነገር ነው። እሷም በልጅነቷ ድንጋይ ናት ተብላ ከትምህርት ገበታ የተነሳች ናት። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባል የለ? ለልጇ ያወረሰቻት ይህንኑ ድንጋይነት ነው ብላ ታምናለች። ቅንድቧን ብቻ ብታወርሳት ምን ነበረበት!

መጀመሪያ የቃል ጥያቄ ቀረበ። ሚጢጢ ትከሻዋን ሰበቀች። ሌላ ሲቀርብ ጫማዋን አየች። ከዚያ ባለሙያዋ ቀይና ነጭ የተቀቡ ትንንሽ የእንጨት ኩቦች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና፣ ቅርጽ የታተመበት ካርድ አቁማ፣ ይህን ሥሪልኝ አለቻት።

ሚጢጢ ካርዱን አንዴ አየት አደረገችና ኩቦቹን ቶሎ ቶሎ ደረደረች። ባለሙያዋ የተደረደረውን እንዳለ ወረቀቷ ላይ በቀለም ሣለችና ከጎኑ ዜሮ ጻፈች። ሁለተኛው ካርድ፣ አሁንም ዜሮ። አሥራ አንድ ካርድ፣ አሥራ አንድ ዜሮ። እናትየው አንገቷን አስግጋ ብታይ፣ ደግማ ብታይ፣ ለእሷ ዓይን ሥራው እንከን የለውም። በመጨረሻ ቃሏን በላች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልክ ነው እኮ የሠራችው።»

ባለሙያዋ አልተቆጣችም፤ እንዲህ የሚሉ እናቶች ብዙ ሳታይ አልቀረችም። በጣቷ እየጠቆመች አስረዳቻት። ካርዱ ላይ ቀዩ ጥግ በስተቀኝ ነው፣ ሚጢጢ ያስቀመጠችው በስተግራ። ሁሉም እንደዚያው ነው።

«ካርዱ ፊቱ ነዋ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ይሄ ውስጡ ነው።»

ባለሙያዋ ስላልገባት ከሥር ከመሠረቱ ተነገራት። ጨርቅ ፊትና ውስጥ አለው። ጠመኔው ፊቱን እንዳያቆሽሸው የሚሰመረውም የሚቆረጠውም በውስጡ በኩል ነው። ደንበኛ ኪሱን በቀኝ ካለ፣ ሰፊ በግራ ያሰምራል፤ ጨርቁ ሲገለበጥ ኪሱ ቦታውን ያገኛል። ሚጢጢ ደግሞ ከመዳህ ጀምራ ያደገችው በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነው፤ ከወደቀው ቁርጥራጭ ለአሻንጉሊቷ ልብስ ትሠራለች። እነሱ ቤት አልቆ ያማረውን ዕቃ አሳይቶ ይህን ሥሪ ማለት፣ ከውስጥ ጀምሪ ማለት ነው።

ባለሙያዋ ወደ ልጅቷ ዞራ ለምን እንዲህ እንደሠራች ጠየቀቻት።

«ሲገለበጥ ያንን ይሆናል» አለች ሚጢጢ፣ ይህን የማያውቅ ትልቅ ሰው መኖሩ እየገረማት።

ባለሙያዋ ተነስታ ወረቀቷን መስኮቱ ላይ ለጠፈችው፣ ጀርባውን ወደ ራሷ አድርጋ። ብርሃኑ አሳልፎ አሳያት። ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነሳች ከጎኑ ያዘች። ቀዩ ጥግ ሁሉ ቦታው ገብቷል፤ ከአሥራ አንዱ አንድም አልተሳሳተም። 

«አሥራ ስድስት ዓመት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ የጠየቅኳት አይታ እንድትሠራ ነው። እሷ ግን በሐሳቧ ገልብጣ ነው የሠራችው። ከጠየቅኳት እኮ ይሄ ይከብዳል።»

አሁን ፊቱን ሥሪልኝ ብትላት ሚጢጢ አሥራ አንዱንም እየተቁነጠነጠች ያለ ስህተት ሠራቻቸው። ባለሙያዋ ለአስተማሪዋ በሚላከው ቅጽ ላይ «በክፍሏ ትቆይ» ብላ ጻፈች፤ ሥር ደግሞ ልጅቷ ስትመልስ ከመሳቃችሁ በፊት እንዴት እንዳሰበችው ጠይቋት ብላ ጨመረች። ከዚያ እንደ ዋዛ የመጨረሻውን ካርድ ወደ እናትየው ገፋ አደረገችው።

ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች እምቢ አለች፣ በኋላ ልጇ ስትጎተጉታት ጠረጴዛው ጋ መጥታ ተቀመጠች። በኩቦቹ መጀመሪያ ውስጡን፣ ወዲያው ደግሞ ፊቱን ሠራች። ባለሙያዋ ሰዓቷን አየች፣ ካርዱን አየች፣ ደግማ ሰዓቷን አየች።

«ይህን ማን አስተማረዎት?»

«ማን ያስተምረኛል? ሥራ ነው እንጂ ትምህርት መች ሆነ።»

 ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ እጅጌና ኮሌታ በጭንቅላቷ ስትገለብጥ ኖራ አንድ ቀን እንኳ ማሰብ ነው ብላ አታውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ደስታ ይሁን ድንጋጤ ያልለየለት ነገር ደረቷን ሞላው፤ የገዛ እጆቿን እንደ ሰው እጅ አየቻቸው።

ባለሙያዋ ትምህርት ስታቆም ስንተኛ ክፍል እንደነበረች ጠየቀቻት።

«አራተኛ» አለች። እንባዋ መጣ። «ያኔ እንዲህ አስቀምጦ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»