የሞንቴቪዴዮ ልምምድ

ፍሬገነት የሕንጻውን የብረት በር በአንድ እጇ ይዛ፣ ከጀርባ ቦርሳዋ ክብደት የተነሣ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብላ ቆመችና ውሉን ለመጨረሻ ጊዜ ደገመችው።

«ከዚህ ደጅ ተነሥቼ ጄፒ ኳሱ የሚታይበት ቤት እስክገባ ድረስ ቦርሳዬን ራሴ ከተሸከምኩ ሞንቴቪዴዮ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ሰው ከተቀበለኝ ግን፣ ለአንድ እርምጃም ቢሆን፣ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የዚያን ከተማ ስም እንዳታነሺብኝ፣ የአለም።»

«አላነሣም» አለች የአለምወርቅ።

«ሰምተሻል፣ ፀጊ።»

ፀገነት የአፍና አፍንጫ መሸፈኛዋን እያስተካከለች፣ «ሰምቻለሁ፤ ግን ይህ ውል እኔን አይመለከትም» አለች። «የእኔን ቦርሳ የሚቀበለኝ ሰው ከመጣ ዕድሜ ይስጠው።»

የአለምወርቅ ይህን ውል የተቀበለችው በደንብ አስባበት ነው። ዕድሜዋን በጂኦግራፊ መምህርነት የጨረሰች ሴት እንደ መሆኗ በጆሃንስበርግ ከዮቪል ሰፈር እስከ አበሾቹ ገበያ እስከ ጄፒ ያለውን መንገድ ቁልቁለቱን ከዳገቱ ለይታ አጥንታዋለች፤ ፀሐይ በረድ የምትልበትን ሰዓት መርጣለች፤ ሌቦች የሚያዘወትሯቸውን ማዕዘኖች የሚያስቀር መንገድ አውጥታለች። የዘነጋችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአገሯን ልጆች ጨዋነት።

የጉዞው ሐሳብ የተጠነሰሰው ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት ነው። ሦስቱ ሴቶች የተዋወቁት የመኖሪያ ወረቀት ለማሳደስ በተሰለፉበት ረጅም ሰልፍ ላይ ሲሆን፣ ወረቀቱ ሳይታደስ ወዳጅነቱ ጸንቶ ቀረ። የአለምወርቅና ፀገነት የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ ፀገነት ጄፒ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች። ፍሬገነት ግን የሆሳዕና ሰው ናት። ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቅ ስታስተዳድር ከዳቦው መደርደሪያ በላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ሰቅላ፣ ደንበኞቿ ከፍርግርጉ ወዲያ፣ እሷ ከፍርግርጉ ወዲህ ሆነው ኳስ ሲያዩ ኖረዋል። የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነችና ዳኛ አትሳደብም፤ «ጌታ ይባርከው» ትላለች እንጂ። አባባሏን የሰሙ ደንበኞች ግን ለዳኛው ስድቡ ይሻለው ነበር ይላሉ።

ከሁሉም አስበልጣ የምትወደው የደቡብ አሜሪካን ኳስ ነበር። የኡራጓይ ዋና ከተማ ሞንቴቪዴዮ ሄዳ፣ የስታዲየም ሲሚንቶ ደረጃ ላይ ከሰዉ ጋር ተጣብቃ ተቀምጣ፣ ከበሮው ደረቷ ውስጥ እየተመታ አንድ ጨዋታ ለማየት ትመኝ ነበር። የአለምወርቅ ደግሞ ካርታ ላይ ያለ አገር ሁሉ በስሟ የሚጠራት የሚመስላት ሴት ናት። እንደ ወጣቶቹ ቦርሳ በጀርባችን አንግተን፣ በርካሽ ማደሪያ እያደርን፣ ከተማውን በእግራችን እንዞረዋለን ብላ አሳመነቻቸው። ቦርሳ ተገዛ፤ ቲኬት ተቆረጠ። ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ።

በወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመት ክረምት ላይ ፍሬገነት ታመመች። ለሳምንታት በኦክስጅን ስትረዳ ቆይታ ተረፈች። ከሆስፒታል ስትወጣ ግን ሌላ ሰው ሆና ነበር። ሱቁን ለልጆቿ ለቀቀች፤ የጉዞ ቦርሳዋን የሽንኩርት ማስቀመጫ አደረገችው። «የእኔ መሄድ አብቅቷል» ትላለች፣ ኀዘን በሌለበት ድምፅ፣ ሲመሽ ሱቁን እንደሚዘጋ ሰው። የአለምወርቅን ያስፈራት ይህ ኀዘን የሌለበት ድምፅ ነበር። ሐኪሙ ሳንባዋ ድኗል፣ በእግሯ ብትንቀሳቀስ ይበጃታል ካለ ወራት አልፈዋል፤ ፍሬገነት ግን ከወንበሯ የምትነሣው ወደ አልጋዋ ለመሄድ ብቻ ሆነ። ዛሬ ያላነሣት ሰው ነገ ሊያነሣት እንደማይችል የአለምወርቅ ገብቷታል። ስለዚህ በአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከካሜሩን ጋር የምትጫወትበት ቀን ሲደርስ፣ በዚያው በጆሃንስበርግ ከተማ የጉዞ ልምምድ እናድርግ አለች። ፍሬገነትም፣ እምቢ ለማለት እንዲመቻት ይመስላል፣ ውሉን አመጣች።

ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸተው ቦርሳ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ሂልብሮው ሰፈር ገቡ። ከረጃጅሞቹ ፎቆች ሥር ቲማቲም የምትሸጥ ሴት «ሳኒቦናኒ፣ ጎጎ» ብላ በዙሉ ቋንቋ፣ አያቶቿን እንደምትጠራ በአክብሮት ሰላም ካለቻቸው በኋላ ቦርሳዎቹን አይታ ፊቷ ተለወጠ።

«ከየትኛው ሕንጻ ነው ያስወጧችሁ?» አለች በእንግሊዝኛ።

«ማንም አላስወጣንም፤ መንገደኞች ነን» አለች የአለምወርቅ።

«ወዴት?»

«ኡራጓይ» አለች ፍሬገነት።

ሴትየዋ ጥቂት አሰበች። «የዚያ ታክሲ የሚቆመው ከመንገዱ ማዶ ነው» አለችና በጣቷ አመለከተቻቸው።

ፍሬገነት አመስግና ጥግ እስኪታጠፉ ድረስ ታገሠች፤ ከዚያ ትከሻዋ ከነቦርሳው እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። የአለምወርቅም በልቧ፣ ጉዳዩ ተስተካከለ፣ አለች። አልተስተካከለም። ከጥጉ ማዶ የስልክ መሸፈኛ የሚሸጥ ወጣት አማርኛቸውን ሰምቶ ዕቃውን ተሻግሮ ዘለለ።

«እንዴ፣ ማዘር፤ እኔ ቆሜ እርስዎ ሊሸከሙ? ይስጡኝ» አለና የቦርሳውን ማንገቻ ጨበጠ።

የአለምወርቅ በመካከላቸው ገባች። «ተው ልጄ፣ ስፖርት ነው።»

«የምን ስፖርት?»

«ሐኪም ያዘዘው።»

«ሐኪሙ አበሻ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ያውቃል?»

ፍሬገነት ማንገቻዋን በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛ እንደ ግመል ቀጥ ብላ ቆማለች። ፀገነት በበኩሏ ቦርሳዋን አውርዳ ጨርሳለች። «እኔን ሐኪም አላዘዘኝም» ብላ ሰጠችው፤ ልጁም የፀገነትን ቦርሳ እስከሚቀጥለው መስቀለኛ መንገድ ተሸክሞ ህሊናውን አሳርፎ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ የአለምወርቅ ሥራዋ የቦርሳ ዘበኝነት ሆነ። አንዱ ከታክሲ መስኮት እጁን ይዘረጋል፤ ሌላዋ ሕፃን አዝላ ሳለ «በአንድ ትከሻዬ እችለዋለሁ» ትላለች። የአለምወርቅ ለኦርቶዶክሱ «ስለት አለባት» አለች፤ ለፕሮቴስታንቱ «በጸሎት የያዘችው ጉዳይ ነው» አለች፤ ሃይማኖቱን መለየት ያቃታትን ደግሞ «ውርርድ ነው» አለችው። ከሁሉም ፈጥኖ የተረዳት ይኸኛው ነበር።

ጄፒ አፍ ላይ ሲደርሱ ግን ማመካኛ የማያቆመው ሰው ገጠማቸው። ሀቢሶ ይባላል። ከሆሳዕና ሲመጣ ፍሬገነት ሱቋ ውስጥ አስጠልላ ንግድ ያስተማረችው ልጅ ነው፤ ዛሬ ዛንድስፕሩት ላይ የራሱ ስፓዛ አለው። ለሱቁ ዕቃ ሊገዛ ከተማ ወርዶ ነበር። ፍሬገነትን ከነቦርሳዋ ሲያያት በቆመበት ክው አለ።

«እማማ ፍሬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም፣ ሀቢሶ። ኳስ ልናይ ነው።»

«እኔ እያለሁ እርስዎ ተሸክመው? ይህን የአገራችን ሰው አይቶ ቢደውል እናቴ ልጄ ነው ትለኛለች?»

ፍሬገነት ትንፋሿን እየሰበሰበች ውሉን ነገረችው። ሀቢሶ ፍርድ ቤት እንደቆመ ሰው አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ።

«ሰው ከተቀበለዎት ነው የሚቀረው?»

«አዎ።»

«እኔ ሰው አይደለሁም፤ ልጅዎ ነኝ።»

«ልጅም ሰው ነው።»

ይግባኝ እንደሌለው ሲገባው ወደ ፀገነት ዞረ፤ ፀገነት ቦርሳዋን አውርዳ እየጠበቀችው ነበር። በጀርባው አላነገተውም፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ባዶ እጁን እንዳልሄደ እንዲያይለት ከፍ አድርጎ ደረቱ ላይ አቅፎ ከፍሬገነት ጎን ጎን ተራመደ።

ኳሱ የሚታየው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ምግብ ቤት ነው። ከታች ሲደርሱ ሊፍቱ በሰንሰለት ታስሯል።

«ትናንት ይሠራ ነበር» አለች ፀገነት።

ፍሬገነት ደረጃውን ቀና ብላ አየችና መደገፊያውን ጨብጣ መውጣት ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ፎቆች ሳትቆም ወጣች። ከዚያ በኋላ በየመታጠፊያው ቆመች። አራተኛው ፎቅ ላይ እግሯ እምቢ አላት። መሸፈኛዋን ከአፏ ዝቅ አድርጋ፣ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ቆመች፤ ከነቦርሳዋ ብትቀመጥ እንደማትነሣ ታውቃለችና አልተቀመጠችም። ከላይ የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ ጨዋታው ተጀምሯል።

«አሁን... እወጣለሁ» አለች።

ሀቢሶ የሚለምን ዓይኑን የአለምወርቅ ላይ ተከለ። የአለምወርቅ የቀረውን ደረጃ አየች፤ ሁለት ፎቅ ነው። ጥቂት ብትታገሣት ትወጣው ይሆናል፤ ከወጣችው ደግሞ ያ ኀዘን የሌለበት ድምፅ ዳግመኛ አይመለስም። ከዚያ የወዳጇን ከንፈር አየች። አመድ መስሏል።

ሌላ ነገር አላሰበችም። የወገቡን መቆለፊያ ፈታች፤ ማንገቻዎቹን ከሁለቱም ትከሻ አውልቃ ቦርሳውን በራሷ እጅ ተቀበለች። ፍሬገነት ለመከላከል እጇን አነሣችና መልሳ ጣለችው። ደገፍ አድርገው ደረጃው ላይ አስቀመጧት።

ሕንጻው የተናወጠው ይኼን ጊዜ ነው። ከላይ እልልታው፣ የወንበሩ መገልበጥ፣ የእግሩ ድብደባ በአንድነት ወረደ።

«አገባን» አለ ሀቢሶ በሹክሹክታ። ጉልበቱ ወደ ላይ ሊሮጥ ተነሥቶ እሱ ራሱ ይዞ አስቀመጠው።

«ሂድና እይ» አለችው የአለምወርቅ።

«አልሄድም።»

አራቱም ደረጃው ላይ ተቀምጠው የማያዩትን ጎል አዳመጡ። ጫጫታው በረድ ሲል የፍሬገነት ትንፋሽም ቀስ በቀስ ረገበ፤ ከንፈሯም መልኩን አገኘ።

«ተቀበልሽኝ» አለች።

«ተቀበልኩሽ።»

«አንቺው ራስሽ።»

«እኔው ራሴ። ሀቢሶ ተቀብሎሽ ቢሆን በእሱ አሳብቤ እከራከርሽ ነበር፤ አሁን መከራከሪያም የለኝ።»

«ሁለት ፎቅ ነበር የቀረኝ።»

«አውቃለሁ፣ ፍሬ።»

«እንግዲህ ቀረ ማለት ነው።»

«ቀረ» አለች የአለምወርቅ፤ የፍሬገነትንም ቦርሳ ለሀቢሶ አስያዘችው።

ቀስ ብለው ወጡ። ምግብ ቤቱ ሲገቡ ካሜሩን አቻ አድርጋለች። ወጣቶቹ ተነሥተው ከቴሌቪዥኑ ፊት ወንበር ለቀቁላቸው። ከዕረፍት በኋላ ያለውን መተረክ አያስፈልግም፤ ካሜሩን ሦስት ጎል ጨመረች። ቤቱ በየጎሉ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄደ። የአለምወርቅ ግን ጨዋታውን እምብዛም አላየችም፤ የምታየው ፍሬገነትን ነበር። ፍሬገነት እየተንፏቀቀች ወንበሯ ጫፍ ላይ ደርሳለች፤ ተከላካዩን የት መቆም እንዳለበት በእጇ ታሳየዋለች፤ ዳኛውን ሁለት ጊዜ ባርካዋለች።

የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ። ከኋላ ያለ አንድ ወጣት ተናገረ። «እንዲህ ከሆነስ ባንሄድ ይሻለን ነበር።»

ፍሬገነት ወንበሯን ይዛ ዞረች። «ለምን?»

«ሁለቱንም የምድብ ጨዋታ ተሸነፍን እኮ፣ እማማ። አለቀ።»

«ምኑ አለቀ? ሰኞ ከቡርኪና ፋሶ ጋር አለባቸው።»

«ቢያሸንፉም ማለፋቸውን እንጃ።»

«ስለ ማለፍ ማን ጠየቀህ? ሰኞ ማልያ ለብሰው ይሰለፋሉ ወይስ አይሰለፉም?»

«ይሰለፋሉ።»

«ታዲያስ።»

ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ብርጭቆዋን አነሣች፤ ሳትጠጣ መልሳ አስቀመጠችው። ፀገነት የምትለው ነገር ነበራት፤ የአለምወርቅ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረግጣ ዝም አሰኘቻት።

«የአለም» አለች ፍሬገነት።

«አቤት።»

«ውላችን ጥሎ ማለፍ ነበር ወይስ የምድብ ጨዋታ?»

የአለምወርቅ እንቁላል እንደያዘ ሰው ተጠንቅቃ መለሰች። «በእሱ ላይ አልተነጋገርንም።»

«ፀጊ፣ ምስክሯ አንቺ ነሽ።»

«ጥሎ ማለፍ ሲባል ጆሮዬ አልሰማም» አለች ፀገነት።

«እንግዲያውስ ምድብ ነው። ሰኞ ከዮቪል ደጅ እንደገና።»

«እኔም ሱቄን ዘግቼ እመጣለሁ» አለ ሀቢሶ።

«አንተ አትመጣም» አሉት ሦስቱም በአንድ አፍ።

ቦርሳዋን ከሀቢሶ ተቀብላ በጀርባዋ አነገተች። ደረጃውን ከፊት ሆና ትወርድ ጀመር። አራተኛው ፎቅ ላይ ቆም አለች።

«ለመሆኑ ምን ብትይዢበት ነው እንዲህ የከበደሽ?» አለች የአለምወርቅ ከኋላዋ። «እኔ ስቀበልሽ ክንዴ ሊገነጠል ነበር።»

«ብርድ ልብስ። ኡራጓይ ይበርዳል ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«በሐምሌ አልኩሽ እንጂ። ሌላስ?»

ፍሬገነት መልስ ከመስጠቷ በፊት ጥቂት ደረጃ ወረደች። «ሳርዲን ነው፤ አንድ ካርቶን» አለች። «ምናልባት እዚያ አገር ሱቅ ባይኖርስ?»