የእጅ ፍሬን

እና ደግሞ ያ ወንበር የሷ ነበር፣ የቮልሱ የሹፌር ወንበር፣ ወንድይፍራው ጎማ ሲፈታ ወለተጻድቅ ናት ገብታ ፍሬን የምትረግጥለት፣ አዲስ ሙሽራ ሆና፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እርገጪ ሲላት ትረግጣለች፣ ልቀቂ ሲላት ትለቃለች፣ ባልና ሚስትን እንደዚያ የሚያስማማ ሥራ የለም፣ አሁን እዚያ የተቀመጠችው አልፊያ ናት። የጓሮ ጎረቤት፣ ባሏ የሞተባት። ጫማዋን በሩ ሥር አውልቃ፣ እንደ ቤቷ።

ለወለተጻድቅ የደረሳት በረንዳው ላይ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ነው፣ ሠላሳ ዓመት ሮም የሰው ሽማግሌ ስታጥብ፣ ሽማግሌው ሲተኛ መጽሐፉን ስታነብ ኖራ ብትመለስ ባሏ እንግዳ አደረጋት፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ፀሐይ እንዳይመታዎት፣ ለአልፊያ ግን ነይ፣ የት ጠፋሽ። ስለ ቅናት በሦስት ቋንቋ አንብባለች፣ ቀናተኛው ወይ ይገድላል ወይ ይሞታል፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መሐረብ ስለሚያጥፍ ሰው ማንም አልጻፈም።

እርገጪ፣ ይላል ወንድይፍራው፣ መፍቻው ላይ የውኃ ቧንቧ ሰክቶ፣ በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎበት፣ የሆነ ነገር ቋ ይላል፣ ጋሼ፣ ትላለች አልፊያ፣ የጮኸው ዳዶው ነው ወይስ ወገብዎ፣ እሱም ይስቃል። ይስቃል። ከመጣች ሁለት ወር ሙሉ ለሷ ያላወጣው ሳቅ የት ነበር፣ ጓሮ ነበር እንጂ።

ዳዶው ይፈታል። ፍሬኑን የሸፈነው የብረት ታምቡር ግን ዝጎ ተጣብቋል፣ ዘይት ከውስጥ እየፈሰሰ ፍሬኑን ስላበላሸው መውጣት አለበት፣ ከትናንት ጀምሮ ዝገት ማላቀቂያ ሲያጠጣው ነበር፣ ባለ ሦስት ጥፍሩን መንቀያ ያስርበታል፣ ትንሽ ያጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ትንሽ ያጠብቃል። በመዶሻ የሚመታ ደንቆሮ ነው፣ ይሰነጠቃል፣ ይሄ ከተሰነጠቀ ምትክ የለውም፣ ቮልሷም እኔም አበቃን። ለአልፊያ ነው የሚነግራት። ለብረቱ እንዲህ ይጠነቀቃል።

ሰግጄ ልምጣ ጋሼ፣ ትላለች አልፊያ፣ እሱም እጁን ሊታጠብ ይሄዳል፣ ወለተጻድቅም ተነስታ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች። ዝም ብላ። ለማየት። ወደፊት ተስቧል፣ ለአጭር እግር፣ ለአልፊያ እግር፣ ጉልበቷ መሪውን ይነካል፣ ትወጣለች፣ ወደ በረንዳዋ፣ ከማዞሪያው የረዳቶች ድምፅ፣ አየር ጤና አየር ጤና፣ ነፋሱም ዞሮ የቆሼን ሽታ ያመጣል።

ተመልሰዋል። ወንድይፍራው ካርቶኑ ላይ ይቀመጣል፣ መንቀያውን ያዞራል፣ ታምቡሩ ንቅንቅ ይልና ቀጥ። የፍሬን ሸራውን አላልቼዋለሁ፣ ምን ያዘው፣ አልፊያ፣ የእጅ ፍሬኑ ወርዷል አይደል፣ ራሴ ነኝ ያወረድኩት ጋሼ፣ ትላለች አጠገቡ ቆማ፣ አላየችም፣ ለምን ታያለች፣ ራሷ አውርዳዋለች።

የወለተጻድቅ እጅ መሐረቡ ላይ ይቆማል። ቅድም ከመኪናው ስትወጣ የእጅ ፍሬኑን ስባዋለች። እጇ ነው የሳበው፣ ቁልቁለት ላይ መኪና ይዞ የኖረ ሰው ሳይስብ አይወርድም፣ ድሮ እሱ ነው ያስለመዳት። ተናገሪ። ከነገሩ ጦም እደሩ። ታምቡሩ ቢሰነጠቅ ቮልስ የለም፣ ቮልስ ከሌለ እርገጪ የለም፣ ልቀቂ የለም፣ እዚያ ወንበር ላይ ማንም የለም፣ እንዴት ያለ ጥሩ ነገር፣ አፏን ብቻ መዝጋት ነው፣ አፍ መዝጋት ደግሞ ሮም ተምራለች።

መዶሻውን አምጪልኝ በቃ፣ ከኩሽናው ጀርባ ነው። ኧረ ጋሼ፣ ደንቆሮ ነው ብለው አልነበር። ደንቆሮ ሆኛለሁ። አልፊያ ትሄዳለች። ትከሻው ብቻ ይታያል፣ ጠቦ፣ የልጅ ትከሻ አክሎ፣ ታምቡሩን በመዳፉ ያሻሸዋል፣ የታመመ ከብት እንደሚዳብስ፣ ቮልሷም እኔም አበቃን። ቮልሷም እኔም።

ተነስታለች። መቼ ተነሳች፣ በሩ ተከፍቷል፣ ጉልበቷ መሪው ላይ፣ አውራ ጣቷ ቁልፉን ይጫናል፣ የእጅ ፍሬኑ ይወርዳል፣ ከኋላ ብረት ከብረት ይላቀቃል።

ታምቡሯ ወጣች፣ ይላል ከታች፣ እየሳቀ፣ ተባረኪ አልፊያ፣ ምን አደረግሽው፣ ደሞ አሁን ፍሬን እንዳትረግጪ፣ ያለ ታምቡር ከተረገጠ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ያለን ሁሉ ይበላሻል።

እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው። ተባረኪ አልፊያ። አንዲት መርገጥ።

አልፊያ መዶሻውን ይዛ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች፣ የእጅ ፍሬኑን ታያለች፣ ወለተጻድቅን ታያለች፣ ገብቷታል፣ አሁን ትጮኻለች፣ አሁን ትነግረዋለች፣ ትንገረው። እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ ትላለች አልፊያ፣ እትዬ ናቸው ያስለቀቁልዎት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እዚሁ ይሁኑ እትዬ፣ ሲገጥሙ ደግሞ የሚረግጥላቸው ይፈልጋሉ፣ ወንበሩን ወደኋላ ይግፉት፣ ማንሻው ከሥር ነው።

ደግ ናት እንኳ። ይቺም ነበረች የቀረችው፣ የራሷን ወንበር ሰው ሰጣት፣ ማንሻውንም አሳየቻት፣ ይህን ምን ብሎ መጥላት ይቻላል፣ ይቻላል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ከታች ሳቁ ቆሟል፣ ወለቴ፣ ይላል ወንድይፍራው፣ ወለቴ አንቺ ነሽ፣ እሷ እግሯን ከፔዳሉ ታነሳለች፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታወልቃለች።