ልሳሳት እችላለሁ

አምሃ ሲናገር አንድ ሰው ነው፣ ሲጽፍ ሌላ። ካይሮ አርድ ኤል ሊዋ ሰፈር አብረውት የሚኖሩት ልጆች ሰዓት ስንት ነው ሲሉት፣ የእጅ ሰዓቱን እያየ እንኳ «አስር ሰዓት መሰለኝ» ይላቸዋል። ዳቦ ቤት ቀድሞ የመጣው ማነው ሲባል «እንጃ፣ እኔ ሳልሆን አልቀርም» እያለ ተራውን ያስበላል። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ በሐበሾቹ የውይይት መድረክ ላይ «ቆራጡ» በሚለው ስሙ ሲጽፍ ግን ይመስለኛል የምትባል ቃል ከጣቱ አትወጣም። ነው፣ አይደለም፣ አለቀ።

የክፍል ተጋሪው ሲሳይ ተገላቢጦሽ ነበር። በአፉ ጥርጣሬ አያውቅም፤ ወጡ ጨው በዝቶበታል ካለ በዝቶበታል። ሲጽፍ ግን ማን እንደሚያነበው አይታወቅም፣ አገር ቤት ደሴ ያሉት እናቱ ላይ መዘዝ እንዳያመጣም፣ እያንዳንዷን ቃል ፈርቶ ነው የሚያስቀምጣት። «እንደኔ አስተያየት» ብሎ ይጀምራል፣ «ልሳሳት እችላለሁ» ብሎ ይዘጋል። አምሃ ሲያሾፍበት «የተናገርኩትን ሰው ይረሳልኛል፤ የጻፍኩትን ማን ይረሳልኛል?» ይለዋል።

በ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሲሳይ ከካይሮ ወጣ ብሎ 6ኛ ኦክቶበር በሚባለው ከተማ የቪላ ጥበቃ ሥራ አገኘና ሄደ። ሦስት ሳምንት ድምፁ ጠፋ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከፍያለች ደወለች፤ እዚያው ከተማ ሰው ቤት የምትሠራ የጎንደር ልጅ ናት።

«ጋሼ አምሃ፣ እንዴት ዋልክ? ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ መሰለኝ። ምነው?»

«ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሲሳይን ትንሽ አሞት ነበር። እዚሁ የከተማው ሆስፒታል አስገብተውታል። በርታ እንግዲህ። ሰው ይዘህ ደግሞ… ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ መዳም መጣች።» ስልኩ ተዘጋ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ሰው አምሃ ላይ አይፈርድም። በእኛ ዘንድ ሞተ አይባልም። ትንሽ አሞታል ይባላል፣ ብቻህን ነህ ወይ ይባላል፣ በርታ ይባላል፤ የቀረውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። አምሃም ሞላው። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። መልሶ ቢደውል ስልኳ ዝግ ነው። ፊቱን ታጠበና ኢንተርኔት ቤት ገብቶ «ወንድማችን ሲሳይ ዛሬ ካይሮ ላይ አርፏል» ብሎ ጻፈ። ቆራጡ የጻፈውን ማን ይጠራጠራል? ከዚያ ሳይነሳ ስልሳ ሰው ነፍስ ይማር አለ። አንድ የደሴ ልጅም «ለእናቱ መርዶውን እኛ እናረዳለን» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ አምሃ ኦልድ ካይሮ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ወርዶ ስለ ፍትሐቱ ካህናቱን ሲያነጋግር ዋለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሬሳውን ሊጠይቅ ከመሄዱ በፊት መድረኩን ከፈተ። ከሐዘን መግለጫዎቹ ሥር፣ በሲሳይ በራሱ ስም፣ አንድ አጭር ጽሑፍ ነበረች።

«እንደኔ አስተያየት አልሞትኩም። ልሳሳት እችላለሁ።»

ከሥሯ ሰዉ እየተቀባበለ ይረግማል፤ በሙት ስም የሚቀልድ ምን ዓይነት አረመኔ ነው ይላል። እሱ እያየው እያለ የመድረኩ ኃላፊ ጽሑፏን አጠፋት፣ የሲሳይንም ስም ዘጋው።

ወደ 6ኛ ኦክቶበር በሚወስደው ማይክሮባስ ውስጥ ያ ሁሉ የበረሃ መንገድ አላልቅ አለው። ከፍያለችን ሆስፒታሉ በር ላይ ፔርሙስ እንደያዘች አገኛት።

«ሁለት ቀን ሙሉ ጠበቅኩህ» አለችው፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ደም የሚሰጥ ሰው ይዘህ ና ልልህ ነበር እኮ። የበሩ ዘበኛ ባይሰጠው ኖሮ ኸላስ፣ አልቆለት ነበር።»

ሲሳይ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ፣ ሆዱን ተቀዶ ተኝቷል። ከስቷል እንጂ ያው ሲሳይ ነው።

«አለሁ። ምን ያፈዝሃል? ተቀመጥ» አለው።

አምሃ እንደ ጥፋተኛ ልጅ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሞተ ብሎ መጻፉን በሐፍረት ነገረው። በስሙ የወጣችውን የዚያችን ጽሑፍ ቃል ግን ከአፉ ማውጣት ፈራ።

«መድረኩ ላይ የሆነ ነገር ጽፈህ ነበር?» ብቻ አለው።

«በየትኛው እጄ?» ሁለቱም ክንዶቹ ላይ መርፌ ተሰክቷል። የይለፍ ቃሉን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ከፍያለች ደግሞ ኮምፒውተር በእጇ ነክታ አታውቅም።

ያን ቀን አምሃ «ሲሳይ አልሞተም» ብሎ ጻፈ። ስልሳ ሰው ያመነው ቆራጡ አንድም የሚያምነው አጣ። «ምንጭህ ማነው?» አሉት። «በእኔ እይታ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያደርግህ፤ አይዞህ» አሉት። ሳይጠራጠሩ የተቀበሉት ሞቱን ብቻ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ሲሳይ ወጣ። ሆዱን በእጁ ደግፎ፣ ከአምሃ ጋር በቀጥታ ወደ ስልክ ቤቱ ሄደና ደሴ እናቱ ጋ ደወለ። አምሃ ጆሮውን ከእጀታው ጎን ለጠፈ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ሲሳይ ነኝ።»

እናቱ ወይዘሮ ፈለቀች ስሙን ሁለቴ አስደገሙት።

«ድምፅህስ የእሱን ይመስላል» አሉ በመጨረሻ፣ በቀስታ። «ማን እንደሆንክ እንጃ፣ ልጄ። አንጀቷ ይረጋ ብለው ያስደወሉህ ትሆናለህ። እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ ግን አልቅሼ ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛ ልቀብረው አልችልምና፣ እባክህ አትደውል።»

ሲሳይ እጀታውን እንደያዘ ቀረ። ከኋላው ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ያጉረመርማሉ። አምሃ ክንዱን ያዘው፤ ክንዱ ቀዝቅዟል። ሕይወቱን ሙሉ በአፉ ያላለውን ያን ጊዜ አለ።

«አለህ፣ ሲሳይ። ይኸው ይዤሃለሁ። አለህ።»

ሲሳይ ዞሮ አየው። የዚያችን ጽሑፍ ቃል አምሃ ለእሱም ለማንም አልነገረም ነበር።

«እንደኔ አስተያየት አልሞትኩም» አለ ሲሳይ። «ልሳሳት እችላለሁ።»