የክረምቱ ስለት

ባለቤቴ ካምፋይ ግትር ነበር። በሐሞቱ ቧንቧ ጠጠር ተሰንቅሮ ሽንቱ ሻይ ሲመስል እንኳ፣ ሆስፒታል የደረሰው እኔና ወንድሜ ጎትተነው ነው። ዶክተር ፓቻሪ፣ በዕድሜ ልጃችን የምትሆን ሴት፣ «ሆድዎን አንቀድድም፤ በአፍዎ ቀጭን ቱቦ አስገብተን ጠጠሩን እንለቅመዋለን» አለችው።

«ጠጠር በላሁ እንዴ ልጄ?»

«ጠጠሩንስ እንጃ፤ ጥሬ ዓሣ ግን ሲበሉ ኖረዋል፤ ውስጡ ያለው ትል ነው ጠጠር የሚያመጣው።»

ሳቀ። ግን ቢላ ይፈራል፤ አላመናትም። ሊያስገቡት ሲሉ እጆቹን ግንባሩ ላይ ገጥሞ፣ «ሳልቀደድ ከወጣሁ ክረምቱን ሙሉ እመነኩሳለሁ» ብሎ ተሳለ። በእኛ ሃይማኖት ባለትዳርም ቢሆን ለአንድ ክረምት መንኩሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሳይቀደድ ወጣ። ዶክተሯ ግን ሁለታችንንም አስቀምጣ፣ «ሁለቱን ጠጠር አውጥቻለሁ፤ ትልቁ ቀርቷል። ሐሞቱ እንዲፈስ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጡ ትቻለሁ። ይህ ቱቦ መደፈኑ አይቀርም። በሁለት ወር መጥታችሁ ካልወጣ ይገድለዋል» አለችን። ቀኑን ካርድ ላይ ጻፈችልን። ከመንደራችን ሆስፒታሉ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው፤ የሄደ ሰው ማደሩ ግድ ነው።

መንደሩ ቀለደበት። ሆዱን ቢገልጡት ጠባሳ የለም። «ካምፋይ፣ ከሩዝ ተከላ ለማምለጥ ነው አይደል የታመምከው?» ይሉታል። እሱም ሆዱን እየመታ አብሯቸው ይስቃል። በሐምሌ ጸጉሩንና ቅንድቡን ተላጭቶ፣ የመነኮሳቱን ቢጫ ልብስ ለብሶ የመንደራችን ገዳም ገባ። ሃያ ሁለት ዓመት «አንተ» ያልኩትን ሰው «እርስዎ» ማለት ጀመርኩ። መነኩሴን ሴት አትነካም፤ ዕቃ እንኳ ከእጇ ወደ እጁ አይተላለፍም።

ቀኑ ሲደርስ ካርዱን ይዤ ገዳም ሄድኩ።

«ነገ ነው ቀጠሮው» አልኩት።

«በክረምት ሱባዔ ከገዳም ውጭ አይታደርም። ሲያልቅ እንሄዳለን።»

«ሲያልቅማ ሌላ ወር ተኩል ነው! አበምኔቱን ለምን አይጠይቋቸውም?»

«ገና በግማሹ ስለቱን ሊያፈርስ ፈለገ እንዲሉኝ? ደግሞ ምን ሆንኩ? ደህና ነኝ።»

አበምኔቱ ከእኛ ሃያ እርምጃ ርቀው ግቢውን ይጠርጉ ነበር። ሄጄ ልነግራቸው እችል ነበር። ባሏ ናፍቋት ነው ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለዚህ ራሴን ይቅር አልልም።

ጠዋት ጠዋት መነኮሳቱ ምጽዋት ሊቀበሉ በደጃችን ሲያልፉ፣ ተንበርክኬ በያዘው ሳህን ውስጥ ሩዝ አደርግለታለሁ። ፊቱን አላይም፤ ለመነኩሴ አንገት ይደፋል። እንደ እኔ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ቀና ብሎ ያየ ቢኖር እንኳ፣ በዚያ ቢጫ ልብስ መሐል የቆዳውን ቢጫነት ማን ይለያል?

ቀጠሮው ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ የሳህኑ ክዳን ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ቀና አልኩ። ዓይኖቹ እርድ መስለዋል፤ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል።

«ካምፋይ! ምን ሆነህ ነው?» ብዬ ጮኽኩ፤ «እርስዎ» የሚለው ከአፌ ጠፋ። ልደግፈው እጄን ስዘረጋ ራሱ ወደ ኋላ ሸሸኝና ወደቀ። ወንዶች ተጠርተው እስኪያነሱት አጠገቡ ቆሜ አየሁት።

ሆስፒታል ስናደርሰው ዶክተር ፓቻሪ ቱቦዋን በአፉ አስገብታ የተደፈነውን ፕላስቲክ ሳበችው። መግል ተከትሎት ገነፈለ። «ጠጠሩም ወጥቷል» አለችኝ፤ «መርዙ ግን ደሙ ውስጥ ገብቷል። ዘገያችሁ እናቴ።»

በማግስቱ አበምኔቱ መጡ። ካምፋይ ትንፋሹ ተቆራርጧል። ካርዱን አሳየኋቸው፤ ደጋግመው አነበቡት።

«ለሕክምና ውጭ ማደር ሁልጊዜም የተፈቀደ ነው» አሉ። «ማን ከለከላችሁ?»

«ማንም» አልኳቸው።

ከዚያ እጄን ግንባሩ ላይ አደረግኩ። አበምኔቱ አዩኝ። አልተቆጡም፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ግንባሩ ከእጄ ሥር እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፊታቸውን አልመለሱም።