ያልተነካው ስለት

የወዳጆና የመስታወት አባት በጎቻቸውን ቆጥረው አያውቁም፤ የተቆጠረ መንጋ በረከቱ ይሸሻል ብለው ያምኑ ነበር። በመጨረሻዋ ሰዓትም ለልጃቸው ለመስታወት የነገሯት ቁጥር ሳይሆን ድርሻ ነው፦ «ግማሹ ለወንድምሽ፣ ሲሶው ላንቺ። የሚተርፉት ሁለቱ የጊዮርጊስ ስለት ናቸው፤ አትንኳቸው።» ከእርሷ በቀር የሰማ አልነበረም።

ሕመሙ ከጠናባቸው ወዲህ በጎቹ ከጎረቤታቸው ከአያ አበረ መንጋ ጋር ተቀላቅለው ነበር። ዛሬ ሽማግሌው አያ አበረ በመልክ እየለዩ ሊያመጧቸው ወደ መስክ ወርደዋል። ወንድምና እኅት ከበረቱ የድንጋይ ካብ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

«ስንት መሆን አለባቸው? የመሐል ሜዳ ከተማዋ የሒሳብ መምህርት!» አለ ወዳጆ።

መስታወት ከሰል አንሥታ፣ የማይታወቀውን ብዛት «በ» ብላ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጻፈች፦

በ/2 + በ/3 + 2 = በ

ክፍልፋዮቹ እንዲጠፉ በስድስት አባዛች፦

3በ + 2በ + 2 = 6በ

«በ ሁለት ሆነ፤ በጎቹ ሁለት ብቻ ናቸው» አለች።

ወዳጆ ሳቀ። «ሁለቱን ጊዮርጊስ ከወሰደ እኔና አንቺ ጭራ ልንካፈል ነው?» ሳቁ ግን አልዘለቀም። «መስቲ፣ አባባ በእርግጥ እንዲህ ብለዋል? ወይስ ሲሶዋን አንቺ ጨመርሻት?»

ከሐዘኑ ይልቅ ይህ ጥያቄ አጥንቷን ሰበረው። የጻፈችውን ከላይ ጀምራ እንደገና አነበበች። ከዚያ አየችው፤ ተማሪዎቿን ዘወትር በቀይ የምታርምባቸውን ያንኑ ስሕተት። «አትንኳቸው» የሚለው የሟች ቃል እጇን ይዞት ኖሯል።

«ስለቱን አላባዛሁትም!»

«ስለት ደግሞ ይባዛል እንዴ? አትንኩ ተብለን!»

«ጋሼ፣ የአንተን፣ የእኔን፣ ጠቅላላውንም በስድስት አባዝቼ የጊዮርጊስን ብቻ ከተውኩት፣ ከስለቱ የሰረቅሁት እኔ ነኝ።»

በመዳፏ አብሳ እንደገና ጻፈች፦

3በ + 2በ + 12 = 6በ
በ = 12

«ላንተ ስድስት፣ ለእኔ አራት፣ ለስለቱ ሁለት።»

«እስኪ እናያለን» አለ ወዳጆ፣ ፊቱን ወደ በሩ መልሶ።

የአያ አበረ ፉጨት ተሰማ። በጎቹ በጠባቡ በር አንድ በአንድ ሲገቡ መስታወት በልቧ ቆጠረች፤ የአባቷን ወግ ላለመተላለፍ ከንፈሯን እንኳ አላነቃነቀችም። ዐሥራ አንደኛው ገባ፤ ከኋላው ሌላ አልነበረም።

«ነይ እንጂ አንቺ ልግመኛ!» ሲሉ ተሰሙ ሽማግሌው፤ አንዲት ጥቁር አንካሳ በግ እየገፉ ገቡና በሩን ዘጉ። «በቃ፣ የአባታችሁ እነዚህ ናቸው።»

መስታወት በድንጋዩ ላይ በከሰል የጻፈችውን 12 በጣቷ ለወንድሟ አሳየችው።

ወዳጆ አንገቱን እንዳቀረቀረ ወደ እርሷ ተጠጋ። «ለስለቱ የሚሆኑትን አንቺ ምረጪ» አላት። «ቃሉን የሰማሽው አንቺ ነሽ።»