ክንፏን ማን አረገፈው?

ክንፎቿን ራሷ ነው የጣለችው ወይስ ቢላዋው ነው ያረገፈባት? ሉየን ይህን ጥያቄ ለማንም አልተነፈሰችም። ጉንዳኗ ከዛፉ ላይ ወድቃ አንገቷ ላይ ካረፈችበት ቀን ጀምሮ ግን ስትበላም ስትተኛም አልለቅ ብሏታል።

ቀኑ የአምስተኛው ወር በዓል ነበር። በሜኮንግ ዳር ጠዋት በባዶ ሆድ የተብላላ ሩዝና ኮምጣጣ ፍሬ ይበላና የሆድ ትል ይገደላል። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አላፈራ ያለ ዛፍ ይመረመራል። አንዱ ዛፉ ላይ ወጥቶ በዛፉ ፈንታ ይመልሳል፣ ሌላው ከታች ግንዱን በቢላዋ ጀርባ እየመታ ይጠይቃል። የሉየን አባት ሽማግሌው ኪየም ግማሽ አካሉ ከከዳው ወዲህ ከተሽከርካሪ ወንበሩ አይነሳም። በደህና እጁ ግን ቢላዋውን ጨብጦ ግንዱን ነረተው።

"አንቺ ሰነፍ መንደሪን! ፍሬሽ ሁሉ ለምን ትል በላው?"

"ጠባቂዎቼ አለቁብኛ፣ ጌታዬ!" አለች ሉየን ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ።

"ዘንድሮስ? ታፈሪያለሽ ወይስ ልቁረጥሽ?"

"አፈራለሁ! በሞቴ አይቁረጡኝ!"

ጎረቤታቸው አክስት ባይ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ሳቀች። "አንቺ ኡት፣ ሆላንድ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ዛፍ ሆኖ መለመን ነው እንዴ?" ሉየን የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ኡት ነው የሚሏት። ሆላንድ ውስጥ ስሟን በትክክል የሚጠራ አልነበረም፤ እዚህ ደግሞ ስሟን ጭራሽ የሚጠራ የለም። የቱ እንደሚሻላት እስካሁን አልለየችም።

ሽማግሌው ለመጨረሻ ጊዜ ባለ በሌለ ኃይሉ መታ። ያኔ ነው ከቅጠሎቹ መሃል አንድ ነገር ወርዶ አንገቷ ላይ ያረፈው።

ወርዳ በመዳፏ ያዘቻት። ቀለሟ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ ሆዷ ከተራ ጉንዳን ሆድ በብዙ እጥፍ ይወፍራል። ጀርባዋ ላይ የክንፍ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ሁለት ክንፎች የሉየን አንገትጌ ላይ ተለጥፈው ተገኙ፤ የቀሩት ሁለቱ አልተገኙም።

"እመቤቲቱ ናት፣ የጉንዳኖቹ እናት!" አለ አባቷ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ፊቱ ሲበራ አይታው አታውቅም።

ቅጠል እየሰፉ ጎጇቸውን የሚሠሩት ጉንዳኖች ድሮ ይህን የመንደሪን እርሻ ይጠብቁ ነበር። አባቷ የዓሣ ጭንቅላት እየሰቀለ ያበላቸዋል፣ ከዛፍ ዛፍ ገመድ እየዘረጋ መንገድ ያበጅላቸዋል። እነሱም ተባዩን ይለቅሙለታል። ዙሪያ ገባው የተባይ መርዝ መርጨት ከጀመረ በኋላ አለቁ። ታላቅ ወንድሟ ሃይ ዛፎቹን ነቅሎ የሽሪምፕ ኩሬ ሊያስቆፍር ቆርጦ ተነስቷል፤ መሬቱ በእሱ ስም ነው። በአዲስ ዓመት ማዕድ ላይ፣ "አባዬ፣ አንዲት ሠራተኛ ጉንዳን አሳየኝና የመቆፈሪያ ማሽኑን አልጠራም" ብሎ ነበር። ለቀልድ ነው ያለው። ሽማግሌው ግን እንደ መሐላ ያዘው።

ሉየን የመስታወት ቱቦ ፈልጋ ከታች ውሃ ሞላች፣ ውሃውን በጥጥ ዘጋች፣ እመቤቲቱን አስገብታ አፉንም በጥጥ ወተፈችው። በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ የእናቷ ፎቶ ከተቀመጠበት መሠዊያ ሥር፣ እግር ከማይደርስበት ቦታ አኖረቻት።

"ምን ትበላለች?" አለ አባቷ።

"ምንም። የክንፏን ጡንቻ አቅልጣ ነው ልጆቿን የምታሳድገው። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚፈለግብን።"

"ዝም ማለትማ ለእኔ ማን ብሎኝ!"

አንድ ነገር ግን ደበቀችው። ከወንድ ተገናኝታ የተመለሰች እመቤት ክንፏን ራሷ ትጥላለች። ሳትገናኝ ክንፏን ያጣችም እንቁላል ትጥል ይሆናል፤ የሚወጣላት ግን ወንድ ብቻ ነው። ወንድ ደግሞ ቅጠል አይሰፋም፣ ተባይ አይለቅምም፤ በርሮ ይሞታል።

እመቤቲቱ እንቁላል ጣለች። እንቁላሉ ትል ሆነ። ሽማግሌው ለመንደሩ ሁሉ አወራ።

"አራስ ቤት ናችሁ በሉኛ!" አለች አክስት ባይ። "የአሳማ እግር ሾርባ ላምጣላት?"

በዚያው ሰሞን የእሷ እርሻ ውስጥ መቆፈሪያው ገባ። ከዚያ በኋላ አጥሩ ጋ መጥታ አልቀለደችም።

የዚህ ጉንዳን ትል ሽፋን ሳይሠራ ነው የሚለወጠው፤ ስለዚህ የሚሆነው ሁሉ በመስታወቱ በኩል ይታያል። ሉየን አጉሊ መነጽሩን አስጠግታ አየች። ጭንቅላታቸው ትንሽ ነው፣ ዓይናቸው ትልቅ፤ ጎናቸው ላይ፣ ሠራተኛ ጉንዳን የሌላት ክንፍ ታጥፏል። እያንዳንዳቸውን አየች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

"ሠራተኞች ናቸው አይደል?"

"ገና ነው፣ አባዬ። አይለይም።"

ሽማግሌው ፊቷን ረጅም ጊዜ አየ። ቀጥሎም ዓይኑን ወደ ደህናው እጁ መለሰ።

"ኡት፣ ያን ቀን በጣም መታሁት እንዴ?"

እሱም ይህን ጥያቄ ሲያላምጥ ነበር የከረመው። "የለም፣ አባዬ" አለችው። የመለሰችለት አውቃ አልነበረም። ምናልባት ከመውደቋ በፊት ክንፏን ጥላ ነበር፤ ምናልባት ገና ልትበር ስትነሳ ነው የደረሱባት።

የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ እርጥብ ክንፉን ዘርግቶ በወጣበት ዕለት መቆፈሪያው የአክስት ባይን እርሻ ጨርሶ አጥሩ ሥር ቆመ። አባቷ ወንበሩን እስከ መንደሪኗ ድረስ እንድትገፋለት ጠየቃት። ቢላዋ አልያዘም፤ መዳፉን ግንዱ ላይ አሳርፎ "ከዚህ አልነሳም" አለ።

ሉየን ስልኳን አውጥታ ጻፈች፤ "ወንድሜ ሃይ፣ ልጆቿ ወጡ። ሠራተኛ የለባቸውም፣ አልዋሽህም። ግን ዝናቡ ገና አላበቃም፣ የሚበርሩ እመቤቶች አሉ፤ ሌላ ፈልጌ አመጣለሁ። እስከዚያ መቆፈሪያውን አቁምልኝ። አባዬ ዛፏ ሥር ነው፣ አልነሳም ብሏል።"

ላከችው። የመቆፈሪያው ሹፌር ሲጋራውን ጥሎ በእግሩ ረገጠውና ወደ መሪው ወጣ። ሉየን ዓይኗን ከስልኩ አላነሳችም። ሃይ ያን ዕለት አልመለሰላትም፤ ከዚያም ወዲህ አልመለሰላትም።