ሰዓቱ ይሞላል

ጥፋቱ የ«ሞላ» ነው። ሌላ ቃል ባገኝ ኖሮ የ1981 ክረምት እንደዚያ ሆዴን እያሳረረኝ ባልከረመ ነበር።

መሐል ሜዳ ከተማ ባለው የእርዳታ እህል ቢሯችን አንድ የውጭ ድርጅት የሰጠን ኮምፒዩተር ነበር፤ የምሠራበት ደግሞ እኔ ሙሉመቤት ብቻ ነበርኩ። ማሽኑ እያንዳንዱ ቤተሰብ መጨረሻ ራሽን የወሰደበትን ቀን አይቶ፣ ሠላሳ ቀን ያለፈውን ይለይና ስም ያትማል። ስሙ ያልወጣ እህል አያገኝም።

ማሽኑ ቀን የሚያውቀው ከፈረንጆቹ 1900 ጀምሮ አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው። የቁጥሩ ማስቀመጫ ግን ጠባብ ነው። መስከረም 9 ቀን 1982 ላይ ሞልቶ ከዜሮ በታች ይገለበጥና ማሽኑ ራሱን ከአፄ ቴዎድሮስ መወለድ በፊት ያገኘዋል። ያን ቀን ሠላሳ ቀን ያለፈው ሰው ስለማይኖር ባዶ ወረቀት ይወጣል። መስከረም ደግሞ ገብሱ ገና ያልደረሰበት፣ ጎተራው የተጠረገበት ወር ነው።

ጥገናው የማይቻል አልነበረም። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ቀን ሲፈልጉ የሚጠሩት ከሥር የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ላይብረሪ እንለዋለን። እሱን ከፍቶ የቁጥሩን ቦታ ማስፋት፣ ከዚያ የሚጠሩትን በሙሉ እንደገና ማዘጋጀት ነው። ለዚህ ማሽኑ ጥቂት ቀን ሥራ መፍታት አለበት፤ ለጄኔሬተሩም ናፍታ ያስፈልጋል። ሁለቱንም የሚፈቅዱት ኃላፊያችን ጓድ ገሠሠ ናቸው።

«ጓድ ገሠሠ፣ የማሽኑ ሰዓት በመስከረም ይሞላል» አልኳቸው።

«ይሞላ እንጂ! ታዲያ ጌጡ ምን ሥራ አለው?»

ጋሼ ጌጡ የግድግዳውን ሰዓት በቁልፍ የሚሞሉት ዘበኛችን ናቸው። ከሰዓት በኋላ በርኖሳቸውን እንደደረቡ ማሽኑን ዙሪያውን ሲዳብሱት አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ የመሙያው ቀዳዳ በየት በኩል ነው?»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ንዴቴ። ተመልሼ ጓድ ገሠሠ ቢሮ ገባሁ።

«እንደሱ ማለቴ አይደለም። ዘመኑ ይሞላል፤ በመስከረም ያበቃል ነው የምልዎት።»

ብድግ ብለው በሩን ዘጉ።

«የማን ዘመን ነው የሚያበቃው?»

«የማሽኑ ነዋ!»

«ማነው የነገረሽ? የውጭ ሬዲዮ ታዳምጫለሽ?»

«ኧረ ሂሳብ ነው!»

«ዘመኑ አይሞላም!» ጠረጴዛውን ደበደቡት። «ዘመን ሞላ የሚል ወሬ ከዚህ ቢሮ ቢወጣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። እንዳይሞላ ማድረግ ያንቺ ኃላፊነት ነው!»

ክረምቱን ሙሉ እየተመላለስኩ ደጅ የጠናሁት ለዚህችው ትእዛዝ ነበር። «እንዳይሞላ እንግዲህ፣ ጳጉሜንን ማሽኑንና ናፍታ ይፍቀዱልኝ» አልኳቸው። እየገላመጡኝ ፈረሙ።

ራሽኑ የሚታደለው በሠላሳ ቀን ሂሳብ ስለሆነ በጳጉሜን ማሽኑ ሥራ ፈት ነው፤ ሰው በጳጉሜን የማይበላ ይመስል። ላይብረሪውን አሰፋሁ። የማሽኑን ቀን ወደ መስከረም 9 ገፋሁና አሳተምኩ። ባዶ። ለካ አንዱ ፕሮግራም ቀኑን ተቀብሎ በራሱ ጠባብ ቦታ ያስቀምጠዋል። እሱን አቃናሁ፤ ሌላው ተበላሸ። ጄኔሬተሩ መሃል ላይ ጠፋና የሠራሁትን ይዞት ሄደ። ማሽኑን በርግጫ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። በመጨረሻው ቀን ስሞቹ ተራ በተራ እየወጡ ወረቀቱ መሬት ሲደርስ እንባዬ መጣ።

መስከረም 9 ጠዋት የሞላሌ አካባቢ ዝርዝር ያለ አንዳች እንከን ወጣ። የቀየት አካባቢውን ከማሳተሜ በፊት ጓድ ገሠሠ ለሂስና ግለ ሂስ ሰበሰቡን።

«ጓዶች፣ ጓድ ሙሉመቤት ዛሬ ዘመኑ ይሞላል ብላን ነበር። ሞላ?»

«አልሞላም!»

«ስለዚህ ያ ሁሉ ናፍታ የነደደው ለአሉባልታ ነው። ግለ ሂስ ታድርግ።»

ደሜ ፈላ። ሳይሞላ የቀረው ስላሰፋሁት ነው ብዬ ብጮህ ማን ይሰማኛል? የድሮው ላይብረሪና ፕሮግራሞቹ ያሉበት ዲስኬት ግን ኪሴ ውስጥ ነበር። መልሼ ብጭነው የቀየት ዝርዝር ዓይናቸው እያየ ባዶ ይወጣል። ያን ጊዜ ማን እንደሚያፍር እናያለን። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

በመስኮቱ ከቀየት የመጡት ሰዎች ይታያሉ። አንዲት ሴትዮ ባዶ ስልቻቸውን ታቅፈው አህያቸው አጠገብ ቁጭ ብለዋል፤ የመጋዘኑን በር እንጂ ሌላ አያዩም።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ ጥርሴን ነክሼ። «ዘመኑ አይሞላም።»

አጨበጨቡ።

ወጥቼ የቀየትን ዝርዝር አሳትሜ ለመጋዘኑ ሠራተኛ ሰጠሁት። ጋሼ ጌጡ ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ እውነት አልሞላም ነበር?»

«ይሞላ ነበር፣ ጋሼ ጌጡ። ማስቀመጫውን አስፍቼው ነው።»

«ታዲያ እዚያ ለምን አልተናገርሽም?»

ስልቻቸውን ወደታቀፉት ሴትዮ በአገጬ ጠቆምኳቸው። የመጋዘኑ ሠራተኛ ከዝርዝሩ ላይ እያነበበ ተጣራ።

«ጌታነሽ ኃይለ ኢየሱስ!»

«አቤት!» አሉ ሴትዮዋ፤ ስልቻቸውን አንስተው።